አብሮ መጨፈር ከሰዎቹ ጋር ነው የሚያላምደን ወይስ ከቦታው ጋር?

አዲስ ነዋሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ሰፈር ከቀየርኩ ቆይቻለሁ ግን ቦታው የኔ ነው የሚል ስሜት ለረጅም ጊዜ ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር። ቤቱ ጥሩ ነው መንገዱም ጥሩ ነው ጎረቤቶቼም ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ግን በቃ ከስራ ስመለስ ወደ ቤቴ እንጂ ወደ ሰፈሬ የምገባ አይመስለኝም ነበር፣ ሰፈር የቀየረ ሰው ሁሉ ይሄን ስሜት ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ከዛ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ክፍት ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ሲጨፍሩ አየሁ። አንድ ስፒከር አለ፣ ከፊት ሆና ስቴፕ የምታሳይ ሴት አለች፣ የቀረው ማን ጀማሪ ማን ነባር እንደሆነ አይለይም፣ ሽማግሌው ከህጻኑ ጋር ነው የሚዞረው፣ መመዝገቢያ የለ መክፈያ የለ። መጀመሪያ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር የማየው፣ አንዲት ትልቅ ሴት ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ዘረጉልኝና ገባሁ፣ ከዛ ወዲህ ቅዳሜ ካልሄድኩ ሳምንቱ ጎዶሎ ነው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሌላ ቀን ማንም በሌለበት ሜዳውን ሳቋርጥ ራሱ ስሜቱ ተቀይሯል። ሴት ልጅ ብቻዋን ሲመሻሽ ክፍት ቦታ ማቋረጥ ምን እንደሚመስል ለሴቶች መንገር አያስፈልገኝም፣ በፊት ዞሬ በአስፋልቱ ነበር የምሄደው አሁን በመሃል ነው የማልፈው፣ የትኛው ጋ መሬቱ ዝቅ እንደሚል የትኛው ጋ ድንጋይ እንዳለ እግሬ ያውቀዋል። ሰው የለም ግን ቦታው ያውቀኛል የሚል ነገር ይሰማኛል፣ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም።

አሁን ችግር መጣ። የተሻለ ነገር ተገኘ ተብሎ አዳራሽ እንግባ የሚል ሀሳብ ቀረበ። ወለሉ ለስላሳ ነው፣ መብራት አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ዝናብ አያስቆመንም። ግማሹ ሰው ደስ ብሎታል ግማሹ ደሞ ሜዳውን ለቀን የትም አንሄድም ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ አብሮ መጨፈር የሚፈጥረው ይሄ የባለቤትነት ስሜት ለሰዎቹ ነው ወይስ ለቦታው? ለሰዎቹ ከሆነ የትም ብንሄድ አብሮን ይሄዳል ማለት ነው፣ ለቦታው ከሆነ ግን አዳራሽ ስንገባ የሚቀር ነገር አለ። በዚህ ነገር ያነበባችሁ ወይ የሰራችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ጻፉልኝ።


ካርታ ወዳጅ፦

እህቴ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጂኦግራፊ ነው የተማርኩት፣ ሰው ከቦታ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ደሞ ከሁሉ በላይ የምወደው ርዕስ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

እግሬ ያውቀዋል ያልሽው ነገር ቀላል ነገር አይደለም፣ ዋናው እሱ ነው። ዴቪድ ሲመን የሚባል አሜሪካዊ ጂኦግራፈር በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ያጠናው ይሄንኑ ነበር። ሰውነታችን ሳናስበው የሚሰራቸው እንቅስቃሴዎች አሉ፣ ደረጃ መውጣት፣ በር መክፈት፣ የለመዱትን መንገድ መሄድ፣ አእምሮ ሌላ ነገር እያሰበ ሰውነት ራሱ መንገዱን ያገኛል። የብዙ ሰው እንደዚህ ያለ ልማድ በአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት እየተደጋገመ ሲገናኝ ቦታው የራሱ ህይወት ያወጣል፣ ሰዎቹም ሳያውቁት ይተሳሰሩበታል ይላል፣ ስሙንም የቦታ ባሌት ብሎታል። ማንም ዳንስ ብሎ ያላቀደው ዳንስ ማለት ነው። ሀሳቡን ከጄን ጄከብስ ነው የወረሰው፣ እሷ በ1961 ኒውዮርክ ውስጥ የምትኖርበትን የሃድሰን ጎዳና ከጠዋት እስከ ማታ ስትገልጸው ሱቅ የሚከፍተው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ በመስኮት የሚያየው፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይዞ የሚሰራው የእግረኛ መንገድ ባሌት ነው ብላ ጽፋለች። እሷን ያሳሰባት ደሞ ልክ ያንቺው ጉዳይ ነበር፣ ሰው የሚመላለስበትና ዓይን ያለበት መንገድ ነው ደህና መንገድ የሚሆነው ነው የምትለው። አንቺ ዞረሽ በአስፋልት መሄድ የተውሽው ለዚህ ይመስለኛል፣ ቅዳሜ የጨፈሩት ሰዎች በሌላ ቀንም እዛው አካባቢ ናቸው፣ አንዷ በመስኮት ታይሻለች፣ አንዱ ሲያልፍ ሰላም ይልሻል።

አሁን ሌላ ነገር ልጨምር ይሄ በጣም ነው የሚገርመኝ። ፈረንሳይ ውስጥ ብሪታኒ የሚባል በሰሜን ምዕራብ ያለ አካባቢ አለ፣ እዛ ድሮ አዲስ ቤት ሲሰራ ወይም አዲስ አውድማ ሲዘጋጅ መሬቱን የሚጠቀጥቁት በጭፈራ ነበር። ጎረቤት ይጠራል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ጭቃው ላይ በእግሩ እየመታ ያድራል፣ ወለሉም ይጠነክራል። አስቡት እስቲ፣ ሰው ቤት ሲገባ የሚረግጠውን መሬት ጎረቤቶቹ በእግራቸው ሰርተውለታል። ለቦታው ነው ወይስ ለሰዎቹ ነው ብለሽ ብትጠይቂያቸው እነሱ ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም ነበር። እንደውም የብሪታኒ ጭፈራዎች እስካሁን በየቀዬው ነው የሚለዩት፣ የተራራው አካባቢ ጋቮት የሚባል ጭፈራ አለው፣ የፊዜል አካባቢ የራሱ አለው፣ የፕሊን አካባቢ የራሱ አለው፣ አካሄዱን አይተው ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። ከእርሻ ህይወት ጋር ሊጠፋ ደርሶ በ1950ዎቹ ነው ፌስት ኖዝ በሚባል የማታ ጭፈራ እንደገና ያንሰራራው፣ በ2012 ደሞ ዩኔስኮ መዘገበው።

የኔ ሀሳብ ግልጽ ነው፣ ሜዳውን አትልቀቁ። ሰው በአዳራሽ ውስጥ አይተሳሰርም አላልኩም፣ ግን አዳራሽ የሚገባው ለመጨፈር የወሰነ ሰው ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ግን ሊያልፍ የመጣ ሰው ይቆማል። አንቺ ራስሽ ጥግ ላይ ቆመሽ ነው የጀመርሽው፣ አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ጥጉ የት ነበር?


የእሁድ አሰልጣኝ፦

ሰላም፣ ከላይ የተጻፈውን ወድጄዋለሁ፣ የብሪታኒውን ደሞ አላውቀውም ነበር አመሰግናለሁ። ግን በመደምደሚያው አልስማማም።

እኔ ዳንሰኛ ላልሆኑ ሰዎች ዳንስ ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት ማለት ይቻላል፣ ጎልማሶች፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው እናቶች፣ ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ ማየት የማይችሉ። ሜዳ ሜዳ የምትሉት ሜዳ ለነዚህ ሰዎች ዝግ በር ነው። ዊልቸር ድንጋይ ላይ አይዞርም። ጉልበቱ የታመመ ሰው ጎድጓዳ መሬት ላይ ከረገጠ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም፣ ለምን እንደቀረም ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው ከማለታችን በፊት ማን እንደማይመጣ እንቁጠር። እንግሊዝ ውስጥ ሰለስት ዳንዴከርና አዳም ቤንጃሚን በ1991 ካንዱኮ የሚባል አካል ጉዳተኛ የሆኑና ያልሆኑ ዳንሰኞች አንድ ላይ የሚሰሩበት ቡድን ሲመሰርቱ ብዙ ሰው ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ይደንሳል ሲባል ገና አልተዋጠለትም ነበር። አዳም ቤንጃሚን ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከአዱኛ ልጆች ጋርም ሰርቷል። አዱኛን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በ1996 እ.ኤ.አ ሮይስተን ማልዱም የሚባል ኮሪዮግራፈር፣ ዳንስ የሚያቀናብር ሰው ማለት ነው፣ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ልጆችን ይዞ ትልቅ ትርኢት አሳየ፣ ከዛ ስራ ነው አዱኛ የኮሚኒቲ ዳንስ ቡድን የተወለደው። እነዛ ልጆች ስንት ጊዜ ሂዱ ከዚህ የተባሉበት ከተማ ውስጥ ሰው ተቀምጦ አጨበጨበላቸው። ቦታና ባለቤትነት ስንል እኔ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሳይንሱ ስለ ሰዎቹ ብዙ ይናገራል ስለ ቦታው ግን ብዙም አይናገርም። ታሪክ ጸሐፊው ዊሊያም ማክኒል በ1941 ወታደር ሆኖ ተመልምሎ ግራ ቀኝ እየተባለ ሲሰለፍ የተሰማውን እንግዳ የሆነ የደስታ ስሜት አልረሳውም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ላይ በምት የሚንቀሳቀስ ሰው በጡንቻው ይተሳሰራል ብሎ ጽፎበታል። ብሮንዊን ታር የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ደሞ ብራዚል ውስጥ ተማሪዎችን አስደንሰው በ2015 ያወጡት ጥናት አለ፣ እኩል በአንድ ምት የደነሱት ልጆች እርስ በርስ የመቀራረብ ስሜታቸው ጨምሯል፣ ህመም የመቋቋም አቅማቸውም ከፍ ብሏል፣ ይሄ ሰውነት ኢንዶርፊን የሚባል ህመም የሚያስታግስ ንጥረ ነገር እንደሚለቅ ምልክት ነው ይላሉ። እኩል መንቀሳቀሱ ለብቻው፣ ላብ ማፍሰሱ ለብቻው፣ ሁለቱም ይሰራሉ። ገና የ14 ወር ህጻናት እንኳን ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ምት ከተወዛወዙ በኋላ ያ ሰው የጣለውን እቃ ለማቀበል ይሮጣሉ። ግን ስሙኝ፣ በዚሁ በህጻናቱ ጥናት ላይ ያ ደግነት አብሯቸው ላልተወዛወዘ እንግዳ ሰው አልተረፈም። የተሳሰሩት ከሰውየው ጋር እንጂ ከክፍሉ ጋር ወይም ከሰው ሁሉ ጋር አይደለም።

እና እኔ የምለው፣ ሰዎቹ ይቀድማሉ። ቦታው እንዲገባችሁ ከፈለጋችሁ ግን ቦታው ላይ መጨፈር ብቻ አይበቃም ቦታውን ራሱን ጭፈራው ውስጥ አስገቡት። እኔ የምሰራው እንዲህ ነው፣ ሁሉም ሰው ከቤቱ እስከ መጨፈሪያው የሚመጣበትን መንገድ በእንቅስቃሴ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፣ የት ጋ ይታጠፋል፣ የት ጋ ይቸኩላል፣ የት ጋ ሰላም ይላል፣ የት ጋ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንዱ ያሳየውን ሌላው ይደግመዋል። እንዲህ ሲሆን የአንዲት ሴት አንገት መድፋት በመላው ቡድን ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ ሰውም ሳይነገረው እዛ ማዕዘን ላይ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ይሄን አዳራሽ ውስጥም ሰርተነዋል፣ ሰፈሩ አብሮን ነው የገባው።


ጥግ ላይ ያለ፦

እኔ ደሞ የማልጨፍር ሰው ነኝ። ማለት አልጠላም ግን ክብ ሲሰራ ሁልጊዜ ከውጭ ነኝ። ሁላችሁም ከውስጥ ሆናችሁ ነው የምትጽፉት ስለዚህ ከውጭ የሚታየውንም አንድ ሰው ይጻፍ ብዬ ነው።

ክብ ሲሰራ ፊት ለሚተያዩት ደስ ይላል፣ ውጭ ለቆመው ግን የሚታየው ጀርባ ነው። ባለቤትነት የምትሉት ስሜት ሲጠነክር የኛ ሜዳ የሚለው ቃል ይመጣል፣ የኛ ሲባል ደሞ የነሱ ያልሆነ ሰው መኖሩ ነው። ቻይና ውስጥ የአደባባይ ጭፈራ አለ፣ በብዛት ጡረታ የወጡና መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ጠዋትና ማታ አደባባይ ላይ ወጥተው ነው የሚጨፍሩት፣ እጅግ ብዙ ሰው ነው፣ ለነሱ ህይወት ነው፣ ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፣ የሚገናኙት እዛ ነው። ግን ከጎን ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ደሞ መተኛት አልቻለም፣ በስፒከር ድምጽ የተነሳ ስንት ጸብ ሆነ። በ2015 መንግስት ገብቶ 12 የጸደቁ ጭፈራዎች እስከማውጣት ደርሷል። ሁለቱም ወገን ሰፈሩ የኔ ነው ነው የሚለው፣ ሁለቱም እውነቱን ነው።

ከዛ የባሰ ደሞ አለ። ሩዶልፍ ላባን የሚባል የዳንስ መምህር በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ተራ ሰዎችን ሰብስቦ የእንቅስቃሴ መዘምራን የሚባል ነገር ይሰራ ነበር፣ ሰራተኛው ተማሪው ሁሉ አንድ ላይ፣ ዛሬ ኮሚኒቲ ዳንስ ለሚባለው ነገር አንዱ ስር እሱ ነው። ናዚዎች ስልጣን ሲይዙ ይሄ ብዙ ሰውን አንድ ላይ የማንቀሳቀስ ነገር ጣማቸው። እስከ 1936 ድረስ አብሯቸው ሰራ፣ ለበርሊን ኦሎምፒክ 1000 የሚሆን ሰው የሚሳተፍበት ትልቅ ትርኢት አዘጋጀ፣ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ልምምዱን አይቶ ከለከለው፣ ላባንም ኋላ ጀርመንን ጥሎ በ1938 እንግሊዝ ገባ። አንድ ላይ በምት መንቀሳቀስ ሰውን ያስተሳስራል ያላችሁት ልክ ነው፣ ማክኒልም የተሰማው ወታደር ሆኖ ሲሰለፍ እንደነበረ አሰልጣኙ ራሱ ጽፎልናል። ነገሩ ወደ የትም ሊነዳ ይችላል። ስለዚህ እኔ የማየው ሰዎቹ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ሳይሆን ክቡ እንዴት እንደሚከፈት ነው።

በዚህ ነገር የማደንቀው ስፔን ውስጥ ያሉትን ካታላኖች ነው። ባርሴሎና ካቴድራል ፊት ለፊት ሳርዳና ይጨፈራል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ነው፣ ቦርሳቸውን መሃል ላይ ያስቀምጣሉ፣ የሚያልፍ ሰው መግባት ይችላል። ስርዓት ግን አለው፣ ወንዱንና በቀኙ ያለችውን ጥንዱን መሃል ገብተሽ አትለያያቸውም። ክቡ ሲሰፋ ሌላ ክብ ይሰራል፣ ጀማሪው ከጀማሪ ጋር ልምድ ያለው ከልምድ ካለው ጋር። እርምጃው ደሞ ቆጠራ ነው፣ ቆጠራው የተሳሳተ ሰው ክቡን ያበላሻል፣ ስለዚህ ክፍት ነው ማለት ልቅ ነው ማለት አይደለም። መግቢያው ይታወቃል፣ በቃ። እኔ ጥግ የምቆም ሰው የምፈልገው ይሄን ነው፣ በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ። እጅ ዘርግተው ያስገቡሽ ሴትዮ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ሁሉም ሰው እሳቸውን አያገኝም።


አዲስ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጥግ ላይ ያለ ወንድሜ፣ ጽሁፍህን ለግሩፑ አነበብኩላቸውና ዝም አሉ፣ ከዛ አንዱ ከሜዳው ማዶ ያለው ቤት መስኮቱን ሁልጊዜ እንደሚዘጋ አስተውሎ እንደነበረ ተናገረ። ሄደን ልናናግራቸው ነው።

የእሁድ አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ማን እንደማይመጣ እንቁጠር ስትል አሰብኩበትና እውነትም በፊት የነበሩ ሁለት እናቶች ቀርተዋል። አዳራሹን ለነሱ ስል እደግፋለሁ ግን ካርታ ወዳጅ ያለውም ከልቤ አልወጣም፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንዴት ያየናል? ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል ወይ፣ ሰው አይበተንም?

ሌላ ደሞ፣ እውነት ቦታ ላይ የነበረ ፍርሃት በጭፈራ ይለቃል? ማለቴ የኔ ነገር አጋጣሚ ነው ወይስ ሌላም ሰው ላይ ሆኗል?


ካርታ ወዳጅ፦

ስለ ፍርሃቱ እኔ ልመልስ፣ ከዚህ በላይ የሚሄድ ምሳሌ አላውቅም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳንፍራንሲስኮ ሰሜን ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አለ፣ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት የሚወደው ተራራ ነው። ከ1979 ጀምሮ እዛ አካባቢ መንገዶች ላይ ሰዎች በተለይ ሴቶች ተገደሉ፣ መንገዶቹ ተዘጉ፣ ሰው ተራራውን ከመስኮቱ እያየ መውጣት ፈራ። አና ሃልፕሪን የምትባለው ኮሪዮግራፈር እዛው ተራራ ስር ነበር የምትኖረው። ከባሏ ከሎውረንስ ጋር ሆና የአካባቢውን ሰው ሰብስባ ተራራውን ለማስመለስ የሚል ጭፈራ ሰሩ፣ በ1981 ጸደይ ላይ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው እነዛኑ መንገዶች ረገጡ። ገዳዩ የተያዘው ብዙም ሳይቆይ በዛው ዓመት ነው። እኔ ጭፈራው አስያዘው አልልም፣ ፖሊስ ነው የያዘው። ግን ሰው ወደ ተራራው የተመለሰው እሱ እስኪያዝ ጠብቆ አልነበረም። ከዛ በኋላ ጭፈራው በየዓመቱ ቀጠለ፣ ፕላኔታሪ ዳንስ ተባለ፣ ብዙ ሀገር ውስጥ ይደረጋል፣ ሰው በትላልቅ ክቦች ይሮጣል፣ ከመሮጡ በፊት ለማን ወይም ለምን እንደሚሮጥ ጮክ ብሎ ይናገራል። መሮጥ ያልቻለ ይራመዳል፣ መራመድ ያልቻለ መሃል ላይ ይቆማል። ሃልፕሪን 100 ዓመቷን ሞልታ ነው በ2021 ያረፈችው።

ስለዚህ አጋጣሚ አይደለም እህቴ። ፍርሃቱ ቦታው ላይ ነበር፣ የለቀቀውም ቦታው ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ ሆነው ስለ ተራራው ቢጨፍሩ ኖሮ ተራራው እንደተፈራ ይቀር ነበር።


ከሩቅ፦

እኔ እስካሁን እያነበብኩ ነበር። ሁላችሁም ቦታው አለ ብላችሁ ነው የምታወሩት። ቦታውን ያጣ ሰውስ?

እኔ ያደግኩበት ሰፈር ዛሬ የለም፣ ፈርሷል፣ ሰው ተበትኗል። እንዲህ ስል ለማሳዘን አይደለም፣ ጥያቄሽን ከዚህ በኩል ስለማየው ነው። የተበተንን ሰዎች አንድ ቀን ለአንድ ሰርግ ተገናኘንና ጭፈራው ሲጀመር ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ ሰው ድሮ ሰፈር ውስጥ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የቆመው። እነ እገሌ በግራ፣ ልጆቹ ከፊት፣ አንድ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚቆሙ ሽማግሌ ነበሩ፣ አልፈዋል፣ የሳቸውን ቦታ ማንም አልገባበትም። ግቢው የለም ግን የግቢው ቅርጽ በኛ አቋቋም ውስጥ አለ። እና ለቦታው ነው ወይስ ለሰዎቹ ነው ስትዪ እኔ ቦታው ሰዎቹ ውስጥ ይገባል ነው የምለው፣ ግን ቀድሞ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተጨፍሮ ከሆነ ብቻ።

በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ ጃፓን ውስጥ ከመሬት መንቀጥቀጡና ከሱናሚው በኋላ የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ ፉታባ የምትባለው ከተማ ነዋሪ በሙሉ እንዲወጣ ተደረገ፣ 7000 ገደማ ሰው ነው። ሰው ተመልሶ እንዲኖርባት በከፊል የተከፈተችው በነሐሴ 2022 ነው፣ ከ11 ዓመት በኋላ። ጃፓኖች በበጋ የሞቱ ዘመዶቻቸውን የሚያስቡበት ቦን የሚባል በዓል አላቸው፣ መሃል ላይ ማማ ይቆማል ከበሮ ይመታል ሰው በዙሪያው ይጨፍራል፣ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ዜማና የራሱ እርምጃ አለው። የፉታባ ሰዎች ተበትነው ባሉበት ከተማ ተሰባስበው የፉታባን ቦን ጨፍረዋል። የሌላ ከተማ አስፋልት ላይ ነው የሚረግጡት፣ እግራቸው የሚያውቀው ግን የፉታባን ነው። ልጆቻቸው ደሞ ከተማዋን ሳያዩ ጭፈራዋን ያውቃሉ።

ስለዚህ አዳራሽ ስትገቡ ሁሉ ነገር ይቀራል ብለሽ አትፍሪ። ግን ቡድናችሁ ገና አዲስ ነው መሰለኝ። ሜዳው ገና እናንተ ውስጥ አልገባም ይሆናል። ትንሽ ቆዩበት ባይ ነኝ።


የእሁድ አሰልጣኝ፦

ከሩቅ፣ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የሽማግሌውን ቦታ ማንም አለመግባቱ።

አዲስ ነዋሪ፣ ለጥያቄሽ፣ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል ግን ሰዓትና ቀን አትቀያይሩ። ሰው የሚበተነው በቦታ መብዛት አይደለም ዛሬ የት ነው ብሎ መጠየቅ ሲጀምር ነው። ካርታ ወዳጅ የጠቀሰው የቦታ ባሌትም የሚሰራው ስለሚደጋገም ነው። ስለዚህ ሜዳው የቅዳሜ ሆኖ ይቀጥል፣ ዝናብ ከሆነም አዳራሽ አትሩጡ፣ ዣንጥላ ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ፣ ባይመጡም ሜዳው የቅዳሜ መሆኑ አይረሳም። አዳራሹን በሌላ ቀን በቀን ብርሃን ያዙት፣ ለነዛ ለቀሩት እናቶችና ወንበር ላይ ሆኖ ለሚጨፍር ሰው። ግን ስቴፑ አንድ ይሁን። አዳራሽ ውስጥ የሚጨፈረው ሜዳው ላይ ከሚጨፈረው የተለየ ከሆነ ሁለት ቡድን ሆናችሁ ማለት ነው፣ አንድ አይነት ከሆነ ግን እናቶቹ አንድ ቅዳሜ በመኪና መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው በእጃቸው አብረው ይጨፍራሉ፣ እኔ ጋ እንደዛ ነው የሆነው። ሜዳውን ደሞ አንድ ጥግ ብቻ አስተካክሉት፣ ሙሉውን መደልደል አያስፈልግም፣ ዊልቸር የሚዞርበትና ሶስት አራት ወንበር የሚቆምበት ያህል በቂ ነው፣ እሱም ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ ይሁን እንጂ ከኋላ አይሁን፣ አለበለዚያ እናቶቹን ደብቃችኋቸው ማለት ነው።

ስፒከሩን ወደ ቤቶቹ አታዙሩት፣ ጀርባው ለቤቶቹ ይሁን፣ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ሰዎቹ ጎንበስ አድርጉት፣ ድምጹን ሳትጨምሩ ይሰማችኋል። መስኮት የሚዘጋውን ሰውዬ ስታናግሩ ደሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አትሂዱ፣ ስንት ሰዓት ላይ ብንጨርስ ይመችዎታል በሉት፣ የነገራችሁን ሰዓት ያዙ።

ጥግ ላይ ያለ ወንድማችን ለጠየቀው መግቢያ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ክቡን ሙሉ አንዘጋውም፣ ሁልጊዜ በመንገዱ በኩል የሁለት ሰው ቦታ ክፍት እንተዋለን፣ ክፍተቱ ሁለት ጫፍ ላይ የሚቆሙት ሰዎች በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፣ ስራቸው የሚቆመውን ሰው ማየት ነው። ዓይኑ እግር እግር የሚያይ ከሆነ ሊገባ ፈልጓል፣ እጅ ይዘረጋለታል። ስልኩን የሚያይ ከሆነ ይተዉታል። የመጀመሪያው ሙዚቃ በጣም ቀላል ይሁን፣ መራመድና መዞር ብቻ፣ ከባዱ ስቴፕ መሃል ላይ ይምጣ፣ መጨረሻው እንደገና ቀላል ይሁን፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰውም እንዲገባ።


ጥግ ላይ ያለ፦

ያ ክፍት ቦታ በየት በኩል እንደሆነ ሜዳው ዳር ላይ ምልክት አድርጉበት፣ በኖራም ቢሆን። ዓይን ለዓይን መተያየት የሚከብደን ሰዎች አለን።


አዲስ ነዋሪ፦

እናደርጋለን። ቀሩ ያልናቸውን እናቶች ዛሬ ደውዬላቸው አንዷ የአዳራሹን ቀን ረቡዕ አድርጉት ብለዋል፣ ሌላኛዋ ግን ወንበር ካለ ሜዳው ይሻለኛል ነው ያሉት።